ጅቡቲ ላይ የሞትኩበት ሰኔ

ሰኔ 3፣ ጭሮ

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ኡምኩልሱም ሻንጣዬን እየከፈተች እየዘጋች ዋለች። አንዴ ልታስገባ ነው፣ አንዴ እኔ ያስገባሁትን ልታወጣ። ካፖርቴን ስታገኘው አልጋው ላይ ወረወረችው።

«ጅቡቲ ካፖርት? ሰውዬው እዚያ ምን ሊበርደው ነው?»

እኔ እኮ ሆን ብዬ ነው የከተትኩት። ስትናደድ የጉልበቷን ሕመም ትረሳዋለች።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ያሳደግናት የልጅ ልጃችን ዩስራ ጅቡቲ ነው ያገባችው። ባሏ ጂብሪል የሂርና ልጅ ነው፣ ወደብ ላይ ለትራንዚተር ይሠራል። አሁን ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው የሴቷ እናት ቤት ነው፤ የዩስራ የእናት ቤት ደግሞ ይሄ የእኛ ቤት ነው። ኡምኩልሱም ለማርቃው፣ ለአራስ ገንፎው፣ ገብስ አስፈጭታለች፣ ቅቤ አንጥራለች፣ የእኔን አልጋ ለአራስ ብላ ወርሳለች። ሳሎን ነው የምተኛው ተብያለሁ። እሷ በዚያ ጉልበት መንገድ ስለማትችል አምጪው እኔ ነኝ።

«ልጅቷን ሳትይዝ እንዳትመጣ።»

«እምቢ ካለችስ?»

«አርባ ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጠህ የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ የኖርክ ሰው፣ አንዲት ልጅ ማሳመን ያቅትሃል?»

ጎረቤቴ ቡሽራ ሊሰናበተኝ መጣ። በዚህ ዕድሜዬ ባሕር ሳላይ መኖሬ ሲገርመው ያመሻል፤ እሱም አላየም። «በደንብ እይና ንገረኝ» አለ፣ «እውነት ከቦኬ ገበያ ይሰፋል?»

ሰኔ 5፣ ጅቡቲ

ደረስኩ፣ አልሐምዱሊላህ።

ሚኒባሱ ሂርና ላይ ሲቆም ጫት ሻጮቹ እስሩን በመስኮት እያስገቡ ፊቴን በቅጠል ገረፉት። ለአማቼ ለማሳየት ፎቶ አነሣኋቸው፣ ዘመዶቹ ናቸው። ድሬዳዋ አድሬ ዛሬ በባቡር መጣሁ። ባቡሩ ውስጥ ብርድ ነበር፤ ካፖርቴን ያስቀረችብኝን ሴትዮ ሙሉ መንገድ አማኋት። ናጋድ ጣቢያ በሩ ሲከፈት ግን መነጽሬ ባንዴ በጉም ተሸፈነ። አንገቴን ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ ያስገባሁ መሰለኝ።

«ጂብሪል፣ የሆነ ነገር እየተቃጠለ ነው እንዴ?» አልኩት፣ ሊቀበለኝ ቆሟል።

«ኧረ አባ! ይሄማ ሲመሽ ነው። ቀኑን ነገ ያዩታል።»

ሰኔ 6

ቀኑን አየሁት።

ዩስራ የጠበቀችኝ ተኝታ ነው። ድሮ ገና ከበር ስገባ ነበር አንገቴ ላይ የምትንጠለጠለው። አሁን እጇን ዘርግታ እጄን ሳመችና ተመልሳ ጋደም አለች።

«ምነው፣ ንግሥት ሆንሽ? ሽማግሌ ሲመጣ አይነሡም?»

«ሙቀቱ ነው አባዬ።»

«እኔም ሞቆኛል፤ ይኸው ቆሜያለሁ።»

«አንተ ሁለት ሰው አይደለህማ!» ብላ ሣቀች። ሣቋ ያው የድሮው ነው። ብቻ አልተነሣችም።

ስንፍና ነው። ለአኮዋ እናገራለሁ። አያቷን አኮ ነው የምትላት፣ በኦሮምኛው።

ምሳውን ጂብሪል ሠራ። ልብሱንም እሱ አጠበ። የሂርና ወንድ የሚስቱን ቀሚስ ሲያሰጣ ማየት ከባሕሩ በላይ የሚደንቅ ነገር ነው አልኩት። ጆሮው ቀላ።

ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋና ቬንትሌተሩ ቆመ። የታችኛው ቤት ሰዎች በረንዳ ላይ ወጥተው እኔን ያዩኛል። ለካ መብራቱ ከእኛ አገር ነው የሚመጣው። «ቆይ፣ ለኡምኩልሱም ደውዬ ማብሪያውን እንድትጫን እነግራታለሁ» አልኳቸው፣ ጂብሪል ተረጎመ። በመጨረሻ ሲበራ አጨበጨቡልኝ። እጄን አንሥቼ ተቀበልኩ፣ ምን ላድርግ።

ሰኔ 8

ኡምኩልሱም ደወለች። መቼ ነው? ነገ ትኬት አያለሁ አልኳት።

ዩስራ ስለ ትኬት ሳነሣ «ሐብሐብ ብላ» ትለኛለች። በላሁ።

ኡምኩልሱም ደግማ ደወለች። ባቡሩ ሞልቷል አልኳት። ጣቢያ አልሄድኩም።

ነገ ይህችን ልጅ ተቆጥቼም ቢሆን አስነሣታለሁ።

ሰኔ 9

ተቆጣሁ። «እሺ አባዬ» አለች። አልተነሣችም። ግድግዳው ላይ እንሽላሊት እየሮጠ ነበር፤ እሱን ስናይ ዋልን።

ሰኔ 10

ዛሬ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ካልሄድኩ ብዬ ታክሲው ውስጥ ቀድሜ ተቀመጥኩ። ጂብሪል «ሙቀት ነው፣ ቤት ይረፉ» አለኝ። ባሏ ከሦስተኛ ፎቅ አቅፎ ነው ያወረዳት። ይሄንን ቀልድ ላደርገው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ።

ሐኪሟ ሴት ናት። በፈረንሳይኛ ረጅም፣ ረጅም ነገር ተናገረች። ስትጨርስ ጂብሪል ወደ እኔ ዞሮ «ደህና ናት ነው የምትለው» አለ።

ያ ሁሉ ይሄ ብቻ ነው? ዕድሜ ልኬን የሐሰት ምስክር ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ አስደግፌ ያዝኩት።

«አንተ ልጅ፣ ጆሮህ ቀልቷል። ተናገር።»

ተናገረ። የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ መውጫው በር ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ወር ደም አይታለች። መነሣት የለም፣ መራመድ የለም፣ መንገድ የሚባል ነገር ጭራሽ አይታሰብም። ቀኑ ሲደርስ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልደው። እስከዚያ ከተኛች፣ ኢንሻአላህ፣ ሁለቱም ይተርፋሉ።

«ለምን ደበቃችሁን?»

«ዩስራ ናት። አኮ ይሄን በስልክ ከሰማች ልቧ ይቆማል ብላ ነው። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይንገሯት።»

የዩስራ እናት ሉባባ የእኛ ልጅ ናት። ልትወልድ ከመቻራ ወደ እኛ ቤት ስትመጣ ነበር። መንገዱ ያኔ ከአሁኑ የባሰ ነበር። ሕፃኗ ዩስራ ብቻ ተረፈች።

በዚህ ላይ ሌላ አልጽፍም። ዛሬ ቀኑ በጣም ይሞቃል።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ሰበብ አለቀብኝ። ባቡሩ ሞልቷል ብያለሁ። ባቡሩ ቀረ ብያለሁ። የጂብሪል አለቃ ፈቃድ ከለከለ ብያለሁ። ዛሬ ኡምኩልሱም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ስትጮህ አልፈራትም፣ ያን ስታደርግ ግን ጉድ ፈላ ማለት ነው።

«አብዱልቃዲር፣ ልጅቷ አሟታል። እውነቱን ንገረኝ።»

ዩስራ ከአልጋዋ ላይ ሆና ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። አፌ ብቻውን ተናገረ።

«እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ ትንሽ ያመመኝ።»

«ምንህን?»

«ሙቀቱ ነው። ተነሥቼ ስሄድ ያዞረኛል። ዩስራ ናት የምታስታምመኝ፤ እሷ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር! እስኪሻለኝ እዚሁ እንቆያለን።»

እንዲህ ያለ ውሸት በነጻ አይገኝም። ልጅቷን አልጋ ላይ እንዳለች ነርስ አደረግኳት፣ መንገዱን ዘጋሁ፣ ማንም አልተጎዳም። ዩስራ ሆዷን ይዛ ስትሥቅ ጂብሪል «በአላህ አታሥቋት!» እያለ ይለምነኛል።

ሰኔ 12

ኡምኩልሱም በኢሞ ቪዲዮ ፊቴን ካላየሁ አለች። ዩስራ እርጥብ ፎጣ ግንባሬ ላይ ጣለችልኝ፤ ጋደም ብዬ ቀስ ብዬ አቃሰትኩ።

«ምላስህን አውጣ።»

አወጣሁ። ሐብሐብ በልቼ እንደነበር የረሳሁት ያን ጊዜ ነው።

«ያ ራቢ! ምላሱ ደም መስሏል!»

ስልኩን ዩስራ ቀማችኝና «ትንሽ አሞት ነው እንጂ ደህና ነው አኮ፣ ምንም አትጨነቂ» አለቻት። ጎበዝ ልጅ። እኔ ነኝ ያሳደግኳት።

ሰኔ 14

ባሕሩን ዛሬ በደንብ አየሁት። ቡሽራ ይሙት፣ ከቦኬ ገበያ ይሰፋል።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ተቀምጠው ያወራሉ። ከሩቅ ስታያቸው ውሃው ላይ ኮፍያ ብቻ ነው የሚታየው። እኔንም ጎትተው አስገቡኝ። ውሃው የሞቀ ሻይ ነው፤ ስኳሩን ረስተው ጨው የጨመሩበት። ከጭሮ ነኝ ስላቸው ቦታ ለቀቁልኝ። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ከተማው ሁሉ ሰዓት እያየ የሚጠብቀው ጫት ከእኛ ነዋ! እኔ ያበቀልኩት ያህል አመሰገኑኝ፤ እኔም አላስተባበልኩም።

ስመለስ ኡምኩልሱም ደውላ ነበር።

«ምን አልሻት?» አልኳት ዩስራን።

«ተኝቷል አልኳት። ባሕር ውስጥ ነው ልበላት እንዴ?»

ሰኔ 15

ዛሬም ስትደውል አልቀረብኩም። ድምፄ ጤነኛ ሆኗል፤ ትለየኛለች። ዩስራ «ተኝቷል» አለቻት። «አሁንም?» አለች አሉ። ከዚያ ስልኩን ዘጋች።

ደስ አላለኝም። ነገ አነጋግራታለሁ። ትንሽ እያሳልኩ።

ሰኔ 16

የእሷ ስልክ ጥሪ አይቀበልም። ኔትዎርክ ይሆናል።

ቡሽራ ለጂብሪል ደወለለት። ስለ እኔ ጠየቀው፤ ልጁም እንዳስተማርኩት «ትንሽ አሟቸው ነው እንጂ ደህና ናቸው» አለው። ቡሽራ «ገባኝ ልጄ። ገባኝ። መቼ ነው?» አለው።

«ረቡዕ ከሰዓት» አለ ጂብሪል። የታመምኩት ረቡዕ ነዋ።

«ቦታውስ ጥሩ ነው?»

«አዎ፣ በጣም ጥሩ ነው። ነፋሻ ነው።» ማታ ማታ ጣሪያ ላይ ስለምተኛ ነው።

ቡሽራ አለቀሰ አለ ጂብሪል። ምን ነካው? እኔን ይህን ያህል እንደሚወደኝ ባውቅ ኖሮ ባለፈው ዓመት ስለ አጥሩ ባልተጨቃጨቅኩት።

ሰኔ 18

በመጀመሪያ እንዴት እንደሆነ ልናገር፤ ያሥቃል።

ከዙሁር በኋላ ከተማው በሙሉ በተኛበት ሰዓት በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። የጭሮው እንዳሻው ነው፣ ኮንቴይነር የሚጭነው የተሳቢ ሾፌር። አንገቱን ደፍቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ጋሽ አብዱልቃዲርን የመሰለ ሰው...» እያለ ገባ። ከዚያ ቀና አለ። እኔ ሽርጥ ታጥቄ፣ በአንድ እጄ ሐብሐብ ይዤ ቆሜያለሁ።

አማተበ። ወደ ኋላ ሄደ። የደረጃው ብረት ባይዘው ኖሮ የሚቀበረው እሱ ነበር።

«ግባ እንጂ እንዳሻው፣ ሐብሐብ አለ።»

«ጋሼ... እርስዎ ራስዎ ነዎት?»

«ማን ልሁን?»

ቁጭ ብሎ ውሃ ከጠጣ በኋላ ነገረን። በእኛ ቤት ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ቁርኣን ይቀራል። አፎሻው፣ እድራችን፣ ተሰብስቦ ለቅሶ ተቀምጧል።

ለካ እኔ ነኝ ራሴን የገደልኩት! በእኛ አገር የሞተን ሰው በስልክ ሞተ ብሎ የሚናገር አለ? ዘመድ እንዳይደነግጥ «ትንሽ አሞት ነው፣ ደህና ነው» ይባላል፤ ሰውየውን አገናኙኝ ሲሉ «ተኝቷል» ይባላል። ከዚያ ሰሚው ይገባዋል። ይህንን እኔም ለስንት ሰው ብያለሁ። ዩስራም ጂብሪልም ያሉት ቃል በቃል ይሄንኑ ነው።

«ኡምኩልሱምስ?» አልኩት።

«መንገድ ላይ ናቸው፤ ድንኳኑ የተተከለው እሳቸው ከወጡ በኋላ ነው። የአፎሻዋ ኃላፊ ዘይቱና ይዛቸው ወደዚህ ተነሥተዋል። ፓስፖርታቸው የዑምራው አለ አይደል? ሁሉም "ትንሽ አሟቸው ነው" እያለ ነው የሸኛቸው።»

ኡምኩልሱም ይህን ቃል አታውቀውም? ጭሮ ውስጥ መርዶ ሲኖር የምትጠራው እሷ አይደለች?

ስልኳ የማይሠራው መንገድ ላይ መርዶውን እንዳትሰማ ዘይቱና ስለወሰደችባት ነው። ለዘይቱና ደወልን። ጂብሪል «አባ ደህና ናቸው፣ በሕይወት አሉ!» ሲላት «እሺ ልጄ፣ እሺ፣ አብሽር» አለችው፣ እንደሚያጽናና ሰው። ስልኩን ቀማሁት።

«ዘይቱና! እኔ ነኝ፣ አብዱልቃዲር!»

ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ የሚሰበር ነገር ድምፅ። ከዚያ ወዲህ ያም ስልክ አይሠራም።

ሰኔ 19

አልሠቅም። ለማንም አልቀልድም።

የደንገጎን ቁልቁለት አልፈው ድሬዳዋ ባቡር ይጠብቁ ይሆናል። ያን ሁሉ መንገድ መስኮት ዳር ተቀምጣ ምን ታስብ ይሆን? ያንን ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣ።

ኡምኩልሱም መንገድ አትወድም። ከሉባባ ወዲህ አትወድም።

ሰኔ 20

ናጋድ ጣቢያ ባቡሩ ሳይመጣ ደረስን። ስትወርድ የምላትን ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ጥሩ ነገር ነበር፣ ታሥቅ ነበር። በሩ ሲከፈት ጠፋኝ።

መጀመሪያ ያየችኝ ዘይቱና ናት። «አዑዙ ቢላህ!» ብላ ከኡምኩልሱም ጀርባ ገባች። ኡምኩልሱም ቆመች። ከራሴ እስከ እግሬ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ሰላምታ አቀረብኩ። ፊቷ ላይ ደስታ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የመጣው ሌላ ነው፤ ያን ፊት አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ዳግም አያሳየኝ።

ወደ ጂብሪል ዞረች።

«ዩስራ ናት ማለት ነው?»

«ምኗ አኮ?»

«ይሄ ቆሟል። ታዲያ የሞተችው ዩስራ ናት።»

«ኧረ በአላህ! ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ተኝታ...» ብሎ ጂብሪል የራሱን ቃል ሰማና አፉን ያዘ።

«ወላሂ ደህና ናት ኡምኩልሱም» አልኳት እኔ።

«እኔም ለስንት እናት ወላሂ ብያለሁ» አለች።

ምን ትላታለህ? ስንት ዓመት ለሰው ቃል ስፈልግ ኖሬ፣ ለዚህች ሴት «ልጅሽ በእውነት አሟት ብቻ ነው» የምልበት አንድ ቃል አጣሁ። ያለውን ሁሉ አቃጥዬዋለሁ። በስልክ ድምፅዋን እናሰማት እንዳንል፣ ጂብሪል ሲሯሯጥ ስልኩን ቤት ረስቷል፤ የእሷው እዚህ አገር አይሠራም፤ የእኔው ባትሪ ሞቷል። እሱ እንኳን በእውነት ነው የሞተው።

ከታክሲው ወርዳ ፎቁን ስትወጣ ብረቱን አልያዘችም። ሦስቱንም ፎቅ። እኔና ጂብሪል ከኋላ ሮጥን፣ አልደረስንባትም።

ስገባ ዩስራ «አኮ?» እያለች ነበር። ኡምኩልሱም ፊቷን ዳሰሰች፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ ወርዳ እግሯን ዳሰሰች፣ ተመልሳ ፊቷን። ከዚያ ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርናት፤ እንግዴ ልጁን፣ ደሙን፣ ኦፕራሲዮኑን። ልቧ አልቆመም። ዩስራን አልተቆጣችም።

«አትነሺ ልጄ» አለቻት። «እኔ መጥቻለሁ።»

ለእኔ ምንም አላለችኝም።

ሰኔ 23

እስካሁን ምንም አላለችኝም።

«ለዚያ ሰው ውሃው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ንገሪው» ትላለች ለዩስራ። ዩስራ «አባዬ፣ ውሃው ጠረጴዛው ላይ ነው» ትለኛለች። ጠረጴዛው ከእኔ አጠገብ ነው።

«ንገሪያት፣ አመሰግናለሁ በያት።»

«አኮ፣ ያመሰግንሻል።»

«ሙታን አያመሰግኑም በይው።»

ይሄ ተስፋ ያለው ነገር ነው።

ዘይቱና ነገ ትመለሳለች። የአዲሱን ስልኳን ዋጋ እኔ ነኝ የቻልኩት። በረንዳ ላይ ይዤ ስለ ለቅሶዬ ጠየቅኳት፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለስንት ሰው ይደርሰዋል? ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንዳልመጣ ሁሉንም ነገረችኝ። ያልመጡትን አውቄያቸዋለሁ። ቡሽራ ሰው ፊት ቆሞ «ቀልደኛ ነበር፤ ዋሽቶ ግን አያውቅም» አለ አሉ። አሁን ምን ብዬ ነው እሱ ፊት የምቀርበው?

ደግሞ ይሄን ነገረችኝ። ኡምኩልሱም ከቤት ስትወጣ የማርቃውን ዱቄትና ቅቤውን አሸክማቸዋለች። ዘይቱና «ወደምን እየሄድሽ እንደሆነ እያወቅሽ ማርቃ ታስቢያለሽ?» ስትላት፣ «የሞተው ሞቷል፤ ልጅቷ ግን ትወልዳለች» አለቻት።

ኮራሁባት። ትንሽም ቅር አለኝ።

ሰኔ 28

ነፋሱ ጀመረ። ኸምሲን ይሉታል። አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ ጥርሴ ሥር ይንኮሻኮሻል። ኡምኩልሱም መስኮቱን በእርጥብ አንሶላ ጋርዳ፣ ዩስራን በጨርቅ እያራሰች፣ ሆዷን በመዳፏ እየዳበሰች ትውላለች። ከሥር ካሉት ሴቶች ጋር በምን ቋንቋ እንደምትግባባ አላውቅም፤ በረዶ የሚያመጡላት ግን ለእሷ ነው። እኔን ሲያዩ ይሥቃሉ። ነግራቸዋለች ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ ባሕር ዳር ይጠብቁኛል። አልሄድኩም። ከበሩ አጠገብ መቀመጥ ይሻለኛል፣ ነፋሱ ይመጣል።

ሐምሌ 1

ሌሊት ትንሽ ደም። ቆመ። ኦፕራሲዮኑ ለጁምዓ ተቀጠረ።

ሐምሌ 3

ነገ።

ሐምሌ 4፣ ጁምዓ

ጠዋት አስገቧት። በሩ ተዘጋ። እኔና ኡምኩልሱም አግዳሚው ላይ፣ በመካከላችን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትታ። ጂብሪል አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ጆሮዎቹ በርበሬ መስለዋል። የሂርና ልጅ ለእኔ ልጅ እንዲህ መሆኑን ለማንም አልናገርበትም።

የሕፃን ለቅሶ ሰማን። ነርሷ የተጠቀለለች ልጅ ይዛ ወጣች፣ ሴት ናት። ጂብሪል እዚያው ሱጁድ ወረደ። ነርሷ የተናገረችውን እያለቀሰ ተረጎመልን፤ እናትየውም ደህና ናት ትላለች አለ። ኡምኩልሱም ልጅቷን ተቀበለች። አላየቻትም። ልጅቷን ደረቷ ላይ ይዛ በሩን ታያለች። እኔም በሩን አያለሁ። ጂብሪል ገና ልጅ ነው፤ ለምን ደስ እንዳላለን አልገባውም። «ደህና ናት እኮ ነው የሚሉት!» ይለናል ደጋግሞ።

ልጅቷ ጮኸች፣ ደከማት፣ ተኛች። እኛ በሩን እናያለን።

ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ በሩ ተከፈተና አልጋውን እየገፉ አወጡ። ዩስራ ከንፈሯ ደርቋል፣ ፊቷ አመድ ነው፣ ዓይኗ ግማሽ ተከፍቷል። ኡምኩልሱም ጎንበስ አለች።

«አኮ...»

«ወዬ ልጄ። ወዬ።»

«አባዬን አነጋግሪው እንጂ። መላላክ ደከመኝ።»

ኡምኩልሱም ቀና አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘቻትን ልጅ አየቻት። ቀና ብላም እኔን አየችኝ፤ እንባዋ እየወረደ ነው፣ አልጠረገችውም። መጥታ ሕፃኗን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ያዝ እንግዲህ፣ አንተ ሟች» አለችኝ። «አንገቷን ደግፍ።»

ደገፍኩ።